ለአባዬ አምፕሊፋየር የድምፅ መቆጣጠሪያ ስመርጥ

ሰኔ 8 ቀን 2017፣ እሁድ፣ ደሴ

የማወራው ሰው ስላጣሁ አይደለም እዚህ የምጽፈው። የማወራው ሁሉ ጸብ ስለሚሆን ነው።

አግማስ ዛሬ ከኮምቦልቻ መጣ። ታላቅ ወንድሜ ነው። አቮካዶ በፌስታል ይዞ ገባ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ቆየ፣ «ደሴን እንዴት ነው ሰው የሚኖርባት በዚህ ብርድ» ብሎ ሄደ። ግንቦት ላይ አባዬን ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ከሰነፈ ወዲህ እንደ እንግዳ ነው የሚመጣው። እኔ ኮምቦልቻ የተከራየሁትን ክፍል ለቅቄ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አባዬ ቤት ገብቻለሁ። በየቀኑ ኮምቦልቻ ወደምሠራበት ከረጢት ፋብሪካ እወርዳለሁ፣ በየቀኑ እወጣለሁ። ስወርድ ጃኬቴን አወልቃለሁ፣ ስወጣ እለብሳለሁ። ኑሮዬ ይኸው ነው።

የዛሬው ጸብ የተነሳው በአምፕሊፋየሩ ነው። አባዬ፣ ሰፈሩ «ሞላ ሬዲዮ» የሚለው፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። እኔ ሳልወለድ ከዘይት ቆርቆሮ ሳጥን ሠርቶ፣ ከተበላሹ ሬዲዮኖች ዕቃ ለቃቅሞ የገጣጠመው አምፕሊፋየር አለው። ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮም ካሴትም የሚሰማው በእሱ ነው። አሁን ግን አምፕሊፋየሩ ከፊት ለፊቱ መደርደሪያ ላይ ነው፣ እሱ ያለ ሰው ከአልጋ አይነሳም። ወደ አልጋው እንዳላስጠጋው ሳጥኑ እንደ ምድጃ ይሞቃል። የድምፅ መጨመሪያው እንቡጥ ደግሞ አርጅቶ በተነካ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ «ጽናት፣ ጨምሪው»፣ «ጽናት፣ ቀንሺው» ነው። ሥራ ስሄድ ደግሞ የጎረቤታችን የእትዬ ሐዋ ልጅ ሱዓድ፣ አራስ ልጇን አዝላ፣ እየገባች ትጨምርለታለች።

አግማስ «ይሄን ቆርቆሮ ጣሉትና አዲስ ስፒከር ልግዛለት» አለ። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኔ ደግሞ «አያስፈልግም። ከአልጋው ሆኖ በሪሞት የሚጨምርበትና የሚቀንስበት መቆጣጠሪያ እገጥምለታለሁ» አልኩ።

አግማስ ሳቀ። «አንቺ?» አለኝ።

አንዲት ቃል ናት። እሱ ከሄደ በኋላም እሷኑ ስደጋግም አመሸሁ።

ሰኔ 9

የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንኩ ጠዋት ሰኞ ገበያ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነው፣ በግ ጎታቹ ከተጎታቹ በግ አይለይም። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ጁነይድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጥባት ጠባብ ሱቁ ደጃፍ ስደርስ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር።

«ሦስት መንገድ አለሽ» አለኝ። አንደኛው ትንሽ ቦርድ ነው፣ የእንቡጡን ሥራ በቺፕ የሚሠራ፣ ከነሪሞቱ። ከሁሉም ርካሹ ይኸው ነው፣ እጁ ላይም አለ። ሁለተኛውም በቺፕ ነው፣ ግን ድምፁን ለጆሮ በሚመች እርከን ይቀንሳል፤ ከአዲስ አበባ ማዘዝ አለበት፣ ይቆያል። ሦስተኛው እንቡጡን ራሱን በትንሽ ሞተር የሚያዞር ነው። «እሱን ተይው፣ የሀብታም ነው» አለ።

ርካሹን ወሰድኩ። ለመጠበቅ ጊዜ የለኝም።

እውነቱን ልጻፍ። ጊዜ አለኝ። የሌለኝ ትዕግሥት ነው። አግማስ በሚቀጥለው ሲመጣ አልቆ እንዲያየው ስለፈለግኩ ነው።

ሰኔ 15፣ እሁድ

ገጠምኩት። ሠራ። ደግሞም አልሠራም።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜ ቁልፉን ሲጫኑት ድምፁ ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት ይዘላል። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያህል ቢጫኑት የሚጨመር ነገር የለም። ቺፑ እኩል እኩል ነው የሚጨምረው፤ ጆሮ ግን እኩል ጭማሪን እኩል አድርጎ አይሰማም። ይህን አውቅ ነበር፣ ረስቼው ነው። ኮረንቲ የምትገታ አንዲት ሬዚስተር ጨምሬ ብዙውን አስተካከልኩት። ቤቱን በሬዲዮ ዜማ ሞላሁት። ሪሞቱን በግራ እጁ አስያዝኩትና ፊቱን አየሁ።

ጫነ። ጫነ። ከአልጋው በቀኝ በኩል የቆመው ስፒከር የወረቀት ፊቱ ሲንቀጠቀጥ ትኩር ብሎ አየ። ከዚያ በከበደ ምላሱ፦

«አይሰማም» አለ።

አይሰማም! መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ!

ልጆች ሆነን አባዬ ሲሠራ መበየጃውን ብረት ለአግማስ ነበር የሚሰጠው። የእኔ ሥራ ባትሪ ማብራት ነበር። «ጽናት፣ ወደዚህ አብሪ።» እጄ ሲዝል ይቆጣኝ ነበር። አግማስ መበየጃውን ትቶ ቢሮ ገባ፣ እኔ ሙያውን ራሴ ለቃቅሜ ተምሬ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ገባሁ። ሃያ ዓመት አልፎም «አይሰማም» ነው የምባለው።

ሰኔ 19

ሰርቪሱ አመለጠኝ። ዝናብ። ማሽን ቆሞ አለቃዬ ጮኸብኝ። ቤት ስገባ ሬዲዮው ከበር ውጭ ይሰማል። «አባዬ፣ ቀንሰው» አልኩ ከኋላው። ዞር እንኳ አላለም። ደግሜ አልኩ። ምንም። ኩራት ነው። በሽታውም አልሰበረውም።

ሰኔ 24

አግማስ ደወለና ስለ አባዬ መድኃኒት አወራን። ሲጨርስ ስልኩን ሳይዘጋው ቀረ መሰለኝ፣ እኔም አልዘጋሁትም። ሚስቱ ብዙዬ ስትናገር ሰማኋት፦

«እሷ እንደሆነ ባል የላት፣ ልጅ የላት። ሽማግሌውን የያዘችው ቤቱን ብላ ነው እንጂ ሌላ ምን አላት?»

አግማስ ምን እንደሚላት ጠበቅኩ። ምንም አላላትም። ቴሌቪዥን ሲከፈት ተሰማኝ።

የብዙዬ ነገር አያናድደኝም። ውሸቴን ነው፣ ያናድደኛል። የእሱ ዝምታ ግን ሌላ ነው።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

በችኮላ ነው የምጽፈው።

ከሰዓት ሥራ ላይ ሳለሁ ሱዓድ ደወለች፣ እያለቀሰች። መብራት ሄዶ ነበር። ሲመጣ ያ የተረገመ ቦርድ የት እንደነበረ ረስቶ ከላይኛው ጫፍ ጀመረ። ሰፈሩ ሁሉ ደነገጠ። ያ ጦርነት ደሴ ከገባ ወዲህ እዚህ ሰው ድንገተኛ ድምፅ አይችልም። እትዬ ሐዋ «ልጁን! ልጁን!» እያለች ከቤቷ ስትሮጥ ግቢው ድንጋይ ላይ አንሸራተታት። እጇ ተሰብሯል።

በእኔ ቦርድ። በእኔ እልህ።

ደግሞ አባዬ! ሱዓድ ሮጣ ስትገባ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጦ፣ ስፒከሩን እያየ እግሩን ያወዛውዝ ነበር አለችኝ። ያ ሁሉ ጩኸት ራሱ ላይ እየወረደ! «ደህና ዋልሽ?» ነው ያላት። ሪሞቱ ጭኑ ላይ ነበር። መቀነስ አልቻለም? ሆን ብሎ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የልጄን የሥራ ጉድ ይስማልኝ ብሎ ነው።

ሰኔ 29

እትዬ ሐዋ ዘንድ ሄድኩ። ወጌሻው እጇን በቀርከሃና በጨርቅ አስሮላታል። ገና ከበሩ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል በደህናው እጇ ያዘችኝ።

«ተይ ልጄ፣ ተይ። የአላህ ውሳኔ ነው። አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የመብራቱ ነው። የድንጋዩ ነው። የእግሬ ነው። ስንቱን ትወስጂዋለሽ?»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስወጣ ደግሞ ጠራችኝና «አባትሽን ግን ኋላ ገብቼ ከበሩ ላይ ስንት ጊዜ ጠራሁት፣ ወላሂ ግድግዳ የማናግር ነው የመሰለኝ። ተቀይሞኝ ይሆን?» አለችኝ።

ተመልከቱ! እጇ የተሰበረው እሷ፣ ተቀይሞኝ ይሆን ብላ የምትጨነቀውም እሷ። ቤት ገብቼ ቦርዱን ነቅዬ ጭቃው ውስጥ ወረወርኩት።

ሰኔ 30

ጁነይድን ገበያው መሀል ሰደብኩት።

«መብራት ሲጠፋ እንደሚረሳ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«ደሴ ውስጥ ነው የምትሸጠው! መብራት እንደሚጠፋ አታውቅም?»

ሰው ቆሞ ያየን ጀመር። አንገቱን ደፋና «ወላሂ ጽናት፣ እኔም ሞክሬው አላውቅም። እንደመጣ ነው የምሸጠው» አለ። እውነት ተናግሮ አናደደኝ። ሁለተኛውን ዓይነት እንዲያዝልኝ ነገርኩት። ሲበራ ከዝምታ የሚጀምር መሆኑን ሦስቴ አስማልኩት።

ሐምሌ 6፣ እሁድ

አግማስ መጣ። የእትዬ ሐዋን ነገር ሰምቷል። ሳይቀመጥ፣ ከአልጋው ራስጌ ቆሞ፦

«አባዬ፣ ከነሐሴ ጀምሮ እኛ ጋ ኮምቦልቻ ትወርዳለህ። ከጓሮ ያለውን ክፍል አዘጋጅተንልሃል። ይሄ ቤት ይከራያል።»

አባዬ ዓይኑን ከመስኮቱ አላነሳም። ጉም ነበር፣ የሚታይ ነገር እንኳ አልነበረም።

አግማስ ወደ እኔ ዞረ። «አየሽ? ጃጅቷል። የሚባለው አይገባውም።»

«ይገባዋል። መመለስ ስላልፈለገ ነው። እኔንም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ» አልኩ።

አግማስ ዞሮ ፊቱ ቁጭ አለና ደግሞ ነገረው፣ ጮክ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያናግር። አባዬ አፉን አፉን እያየ ሰማው። ከዚያ እያንዳንዷን ቃል እየጎተተ፣ «ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው» አለ።

ደጅ ስሸኘው አግማስ «የአንቺ እልህ ሰው ሰበረ። ቀጥሎ አባታችንን ትገያለሽ» አለኝ።

ብዙ የምለው ነበረኝ። መኪናው ውስጥ ገባ።

ሐምሌ 13

ቦርዱ አልመጣም። ዝናቡ አያባራም። አሮጌውን እንቡጥ መልሼ አስሬዋለሁ፣ ይንኮሻኮሻል። «ጽናት፣ ጨምሪው።» ጨመርኩ። «ጨምሪው።» ጨመርኩ። «ጨም—» እንቡጡ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። መልሼ ሳስገባው ምላሴን ነከስኩ፣ ሳላውቅ ሳይሆን እንዳልናገር።

ሐምሌ 20፣ እሁድ

አዲሱ ቦርድ መጣ። የበየድኩት በጥንቃቄ ነው፣ ሽቦውን ሁሉ ደግሜ ደጋግሜ አየሁ። እንደ መጀመሪያው አይደለም። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ጆሮ እኩል እኩል ይሰማዋል። ድንገት አይዘልም፣ አይንኮሻኮሽም። ከሶኬቱ ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፦ ዝም። እስኪጨምሩት ድረስ ይጠብቃል። ጥሩ ሥራ ነው። ራሴን ማሞገሴ አይደለም፣ ሥራው ግን ጥሩ ነው።

እትዬ ሐዋ የታሰረ እጇን ይዛ መጥታ አዳመጠች። «ማሻአላህ፣ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው» አለች።

አባዬ ሪሞቱን ያዘ። ጫነ፣ ጫነ፣ ጫነ። እትዬ ሐዋ ጆሮዋን ያዘች። እኔ መታገሥ አቅቶኝ «እንዴት ነው?» አልኩት፣ ፊቱ ቆሜ።

«አይሰማም።»

ወጥቼ ግቢው ውስጥ በዝናብ ቆምኩ።

ሐምሌ 24

በየቀኑ እስከ ጫፍ ነው የሚያደርሰው። የሱዓድ ልጅ አይተኛም። ሱዓድ ምንም አትለኝም፣ ዓይኗ ግን ቀልቷል። ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ምን እንዳደረግኩት ቢነግረኝ። ምን እንዳደረግኩት ብቻ ቢነግረኝ።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

በስብሼ ገባሁ። ከመንገድ ጀምሮ ነው የሚሰማው። የሱዓድ ልጅ ያለቅሳል። በሩን ከፈትኩ፤ አባዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ መስኮቱ ዞሮ ተቀምጧል። የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ከበሩ ሥር ነቀልኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ እበሩ ላይ እንደቆምኩ ጮኽኩበት። በክረምቱ የያዝኩትን ሁሉ። በልጅነቴ የያዝኩትን ሁሉ። ኮምቦልቻ ሂድ አልኩት። ከእኔ ሥራ የሚሻል ካለህ ወንድ ልጅህን ጥራው አልኩት። ሌላም አልኩ። እሱን አልጽፈውም።

ጀርባው አልተንቀሳቀሰም። ያ ጀርባ የባሰ አናደደኝ። ሪሞቱን ልቀማው ዞሬ ፊቱ ቆምኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ።

«መቼ ገባሽ? ዝናብ መታሽ እንዴ?»

ትኩር ብዬ አየሁት። አላስመሰለም። አባዬ ማስመሰል አይችልም።

ተመልሼ ከኋላው ሄድኩ። አጨበጨብኩ። ምንም። የድስት ክዳን ወለሉ ላይ ጣልኩ። ከጎረቤት እትዬ ሐዋ «ቢስሚላህ!» ስትል ሰማኋት፣ አባዬ ግን መስኮቱን እያየ ነበር። እንደገና ፊቱ መጣሁና ድምፅ ሳላወጣ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ፦ «ርቦሃል?»

«ትንሽ» አለ።

ከዚያ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገባው። ፈገግታው ጠፋ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ።

እጽፈዋለሁ። «ለምን አትሞትልኝም» ነው ያልኩት። አልሰማም። እኔ ሰምቻለሁ።

ሐምሌ 29

ከአለቃዬ ተጣልቼ ቀኑን አስፈቀድኩና ሆስፒታል ወሰድኩት። ቀኝ ጆሮው ምንም አይሰማም። ግራው ቅርብ ሆነው ከጮኹበት ትንሽ ትንሽ። ስትሮኩ ብቻ አይደለም፣ የቆየ ነው አሉን። ጆሮ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ሊረዳው ይችላል፣ ለእሱ ግን ሪፈር ተጽፎ ወረፋ ነው።

ቤት አስተኝቼው በግራው በኩል ተጎነበስኩና ጮኽኩ፦ «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል። የሬዲዮ ሱቁን የዘጋሁት እንዳልኳችሁ ዓይኔ ደክሞ አይደለም።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ለአግማስ ትነግሪዋለሽ። እሱ ይወስደኛል።»

«ለእኔስ? እኔስ? አብሬህ ነው የምኖረው!»

መልስ አልሰጠም። አሁን መስማቱንና አለመስማቱን አላውቅም፣ ይኸው ነው ከዛሬ ጀምሮ ያለብኝ ጣጣ።

እኔ ግን ስንት ነገር ነው ያላየሁት? ስጠራው የማይዞረው። ስፒከሩን በዓይኑ የሚሰማው። አፍ አፋችንን የሚያየው። «አይሰማም» ሲለኝ «አይሰማኝም» ማለቱ ነበር። አንዲት «ኝ» ቢጨምር ኖሮ የእትዬ ሐዋ እጅ ባልተሰበረ። እኔም አንዴ እንኳ «ማንን ነው የማይሰማው?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ባልተናደድኩ። ሥራዬን የሰደበ መስሎኝ ከረምኩ። ከሥራዬ በቀር ምንም አልሰማሁም።

የባሰው ደግሞ ስፒከሩ ነው። የቆመው በቀኙ በኩል ነው። ክረምቱን ሙሉ ለሞተው ጆሮ ስጮኽለት ነበር።

ነሐሴ 2

ለአግማስ ደወልኩ። ለአባዬ መጀመሪያ ነግሬው ነው፣ «ልነግረው ነው፣ ግን አይወስድህም» ብዬ። አላመነኝም።

«ጃጅቷል ያልከው ሰው ጆሮው አይሰማም» አልኩት።

የመለሰልኝ ያሰብኩትን ነው፦ «ታዲያ እንዲያውም ብቻውን መዋል የለበትም።»

«ብቻውን አይውልም። ሱዓድ ትገባለች። እኔ የጠዋት ፈረቃ እንዲያደርጉኝ ጠይቄያለሁ። አንተ ደግሞ እሁድ እሁድ ትመጣለህ። በግራው በኩል ተቀምጠህ ታወራዋለህ። ስልክህን ሳትነካ።»

«ጽናት፣ የምትይው ቀላል አይደለም። ብዙዬም—»

«ብዙዬ ስለ ቤቱ ያለችውን ሰምቼዋለሁ።»

«ሰምተሽ ነበር?»

«እሷን ሰማሁ። አንተን ነው ያልሰማሁት።»

በመጨረሻ «እሺ፣ እስከ ጥቅምት ይቆይ። ከዚያ እናየዋለን» አለ።

ይቆይ አለ! ዳኛ ሆኖ! ግን ይቆያል። ስልኩን ዘግቼ ለአባዬ በግራ ጆሮው ነገርኩት።

ነሐሴ 4

አሁን ነው ሁለተኛው ቦርድ ምን እንደጎደለው የገባኝ። ጥሩ ነው፣ ግን ለሚሰማ ሰው ነው የተሠራው። ቁልፉን ሲጫኑ የት እንደደረሱ የሚነግራቸው ድምፁ ብቻ ነው። አባዬን ድምፁ አይነግረውም። እስከ ጫፍ የሚያደርሰው ጫፉ የት እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። ጁነይድ ቁጥር የሚያበራ ዓይነት አሳይቶኝ ነበር፤ ቁጥሩ የሩዝ ፍሬ ያህል ነው፣ ከአልጋው አይነበብለትም።

የሚያስፈልገው እንቡጥ ነው። ትልቅ፣ የሚታይ፣ በሪሞት ሲጫን ዓይኑ እያየ የሚዞር። መብራት ቢጠፋም እንደዞረ ይቆያል፣ ብረት አይረሳም። ያ «የሀብታም ነው» የተባለው ነው።

ነሐሴ 7

ከሥራ ስወጣ ኮምቦልቻ ጣሀ ጋ ሄድኩ። አሮጌ ቴፕና ዲቪዲ እያፈረሰ ዕቃውን በኪሎ የሚሸጥ ሰው ነው። ሙቀቱ፣ ዝንቡ፣ አቧራው። «በሞተር የሚዞር ድምፅ መጨመሪያ» አልኩት። «የትልልቆቹ ቴፖች ሆድ ውስጥ አለ፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» ብሎ በመዶሻው ወደ ክምሩ አሳየኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁበት። አንዱ ሞተሩ ተቃጥሏል። አንዱ እንቡጡ ተሰብሯል። እጄን ቆርቆሮ ቆረጠኝ። ጣሀ ሻይ እየጠጣ ያየኛል። በመጨረሻ አንድ ያረጀ ትልቅ ቴፕ ውስጥ አገኘሁት፣ ከነሞተሩ፣ ንጹሕ። ከመጀመሪያው ቦርድ ረክሶ ሰጠኝ።

ክረምቱን ሙሉ እዚያ ነበር። ከፋብሪካዬ በር በእግር የሚደረስ ቦታ። ተናድጄ ሳቅኩ።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ሞተሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረውን ትንሽ ቦርድና ሪሞቱን ከጁነይድ ወሰድኩ። በነጻ ሊሰጠኝ ፈለገ፣ እምቢ አልኩ፣ ተጨቃጨቅን፣ ከፈልኩ። ዛሬ ጠዋት ገጠምኩት። እንቡጡ የብርጭቆ አፍ ያክላል፣ ላዩ ላይ ነጭ መስመር ቀባሁበት። ስፒከሩን ወደ ግራው አዛወርኩት፣ ጆሮው ሥር።

ሱዓድ ክፍሏ ገብታ ልጇን አስተኝታ እየሰማች፣ እኔ ድምፁን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። «እዚያ ጋ! እዚያ ይብቃ!» ብላ ስትጮኽ ቆምኩ። በራሷ የጥፍር ቀለም እዚያ ቦታ ላይ ቀይ ነጥብ አደረግን።

አግማስ እመጣለሁ ብሎ አልመጣም። መኪናው ተበላሽቶ ነው አለ። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

አባዬ ሪሞቱን ያዘ። ጫነ። እንቡጡ በራሱ መዞር ጀመረ። አፉን ከፈተ። ነጩ መስመር ቀስ እያለ እስከ ቀዩ ነጥብ ደረሰ፣ እዚያ ሲደርስ ጣቱን አነሳ። አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ አዳመጠ። ብዙ ቆየ። ጥሩ ነው አላለም። አይሰማም አላለም።

ከዚያ ሌላኛውን ቁልፍ ተጫነ። እንቡጡ ወደ ኋላ ዞረ፣ ዞረ፣ ቤቱ ጸጥ እስኪል ድረስ። ሪሞቱን አስቀመጠና አልጋውን በግራ በኩል መታ መታ አደረገ። ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን» አለ። «በስብሰሽ የመጣሽ ቀን። ከኋላዬ ብዙ ነገር ብለሻል። ኋላ ሳስበው ፊትሽ ላይ ነበር።»

«ምን እንዳልኩ…»

«አልሰማሁም። አሁን ንገሪኝ።»

«ምንም አይደለም፣ አባዬ።»

«ምን?»

«ምንም አይደለም!»

«ጮክ በይ።»

ወደ ግራ ጆሮው ተጎነበስኩ። «ተናድጄብህ ነበር!»

«ምን?»

«ተ—ና—ድጄ—ብህ ነበር! ስላልነገርከኝ! አግማስን ስለፈራህ እኔንም ስለደበቅከኝ! እኔ እኮ ነኝ ያለሁት! እኔ!»

በሩ ተበረገደ። እትዬ ሐዋ የታሰረ እጇን ደረቷ ላይ ይዛ፣ እያለከለከች፦ «ያረቢ! ምን ሆናችሁ? በፍልሰታ ጾማችሁ ትጣላላችሁ?»

ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግኩ። አባዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ያያል። በደህናው እጁ እጄን ይዟል።

«አይ እትዬ» አልኳት። «እያወራን ነው።»

ቆማ አየችን። ከዚያ ወንበሩን በእግሯ እየገፋች አምጥታ በግራው በኩል ተቀመጠችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንዲያ ከሆነማ» አለች፣ ግቢው እስኪሰማ ጮክ ብላ፣ «እኔም የምለው አለኝ፣ ሞላ!»